አንባቢን በ«ፍቅር እስከ መቃብር» አትፈትኑት

ሰሞኑን ከአንድ የመጻሕፍት ውይይት የተቀነጨበች አጭር ቪዲዮ ስልክ ለስልክ ስትዞር ከርማለች። አንድ ወጣት ተነሥቶ «ማንበብ መጀመር እፈልጋለሁ፤ በምን ልጀምር?» ብሎ ይጠይቃል። ከመድረኩ የመጣለት መልስ «መጀመሪያ ፍቅር እስከ መቃብርን ጨርስ፤ እሱን ያልጨረሰ ሰው ሌላ መጽሐፍ ባይነካ ይሻላል» የሚል ነበር። አዳራሹ አጨበጨበ፤ ልጁም ቁጭ አለ። በማግስቱ «ሳያነቡ መሞት የሌለብዎ 10 የአማርኛ መጻሕፍት» የሚል ዝርዝር ከቪዲዮው ጋር ተያይዞ መሠራጨት ጀመረ። ዘጠኙ ልቦለዶች ናቸው፤ አንዱ የታሪክ መጽሐፍ። ግጥም የለበትም። ተውኔት የለበትም። አጭር ልቦለድ፣ ግለ ታሪክ፣ ትርጉም የሚባል ነገር ዐይኑ አይታይም። ከአሥሩ አንዱን እንኳ ሴት አልጻፈችውም።

ይህ ጥቆማ አይደለም፤ ፈተና ነው። መጽሐፍ መጠቆም አንድ ነገር፣ አንባቢን መፈተን ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን የሚያምታቱት ሰዎች እነዚያው «ወጣቱ አያነብም» እያሉ በየመድረኩ የሚያለቅሱት ናቸው። ወጣቱን ከመጽሐፍ ያራቀው የእነሱ ዝርዝር ነው፤ አምርሬ የምለው ነው።

ጠቤ ከመጽሐፉ ጋር እንዳይመስል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ያሳተሙት ይህ ልቦለድ የአማርኛ ዝርው ጽሑፍ ከደረሰባቸው ከፍታዎች ሁሉ የላቀው ነው፤ በዚህ ላይ ከማንም ጋር አልከራከርም። የምከራከረው ለማን፣ መቼ፣ ምን ተነግሮት ይሰጥ በሚለው ላይ ነው።

የመልሱ ተከላካዮች ያመጡት መከራከሪያ ደግሞ ከመልሱ ይብሳል። «ጥሩ መጽሐፍ ለሁሉም ጥሩ ነው፤ ካልገባው ችግሩ ከአንባቢው ነው» ይላሉ። እንዲህ የሚል ሰው መጽሐፍ ለሰው ሰጥቶ አያውቅም፤ ሰጥቶም ከሆነ «የት ደረስክ?» ብሎ አልጠየቀም። እዚያው ዝርዝር ላይ በአራተኛ ደረጃ የተቀመጠው የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» ነው። ጥሩ መጽሐፍ ነው? ከጥሩም በላይ ነው። ለሁሉም ጥሩ ነው? ካጨበጨበው አዳራሽ ውስጥ «አደፍርስ»ን ከዳር እስከ ዳር የዘለቁት በአንድ እጅ ጣት ተቆጥረው ያልቃሉ ብዬ እወራረዳለሁ። የቀሩት ጀምረው ትተውታል፤ ስለ መተዋቸው ግን ራሳቸውን ሰነፍ አላሉም። ስንፍናው የሚታወሳቸው ልጁ ሲተወው ብቻ ነው።

እያንዳንዱ መጽሐፍ አንባቢን የሚጥልበት ቦታ አለው። የት ቦታ እንደሆነ ይታወቃል፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚያው ላይ ነውና። መጽሐፍ የሚጠቁም ሰው ሥራው ያንን ቦታ አስቀድሞ መናገርና ማሻገሪያውን ማሳየት ነው። ርእስ መጥራትማ ሽፋን ያየ ሁሉ ይጠራል።

ከራሱ ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» እንነሣ። ርእሱ ፍቅር ይላል፤ አዲስ አንባቢ የሚጠብቀው ፍቅረኞቹን በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ነው። ሲገልጠው የሚያገኘው ግን የጎጃሟን መንደር ማንኩሳን ነው፤ የበዛብህን ወላጆች ቦጋለ መብራቱንና ውድነሽ በጣሙን ነው። በዛብህ ይወለዳል፣ በስለት ለቤተ ክርስቲያን ይሰጣል፣ ያድጋል፣ ትምህርት ይገባል፣ ቅኔ ይማራል፣ ዲማ ይደርሳል፤ ሰብለ ወንጌል የምትመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ይህ ያልተነገረው ሰው «ታሪኩ መቼ ነው የሚጀምረው?» እያለ ገጽ ሲቆጥር ይሰነብትና ማንኩሳ ላይ ይቀራል። ማሻገሪያው ሁለት ዐረፍተ ነገር ነው፦ «የመጀመሪያው ክፍል የወላጆቹ ታሪክ ነው፤ እንደ መግቢያ ቆጥረህ አትዝለለው። ስለቱን ያዝ፤ በኋላ በዛብህን ቀስፎ የሚይዘው እሱ ነው።» ይህን የሰማ አንባቢ ማንኩሳን የሚያነበው ምን እንደሚጠብቅ አውቆ ነው።

ሁለተኛው መውደቂያ ሥርዓቱን የሚሞግተው የጉዱ ካሣ ንግግር ነው። ፍቅሩን ሲከታተል የቆየ አንባቢ ገጽ ሙሉ ክርክር ሲገጥመው ዘሎ ያልፋል፤ ዘሎ ሲያልፍ የመጽሐፉን አእምሮ ጥሎ ማለፉ ነው። ንግግሩን ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ይበጃል፤ ለጆሮ የተጻፈ ነውና በዐይን ብቻ ሲነበብ ይከብዳል። ሦስተኛው መውደቂያ ርስት፣ ጉልት፣ ባላባት፣ ጭሰኛ የሚሉት ቃላት ናቸው። ርስት በዘር የሚወረስ የመሬት ባለመብትነት መሆኑን፣ ጉልት ደግሞ ከመሬቱ ግብር የመቀበል መብት መሆኑን ያልለየ ወጣት በባላባቱ በፊታውራሪ መሸሻና በገበሬዎቹ መካከል የሚነሣውን ጠብ የግል ቂም ያደርገዋል፤ የገበሬዎቹ መሪ አበጀ በለውም ተራ ሽፍታ ይመስለዋል። እነዚህን ነገሮች ለማስረዳት አምስት ደቂቃ ይበቃል። ልጁን ለማስቀመጥ የጠፋው ጊዜ ከዚህ አያንስም።

አሁን ደግሞ ማንም ደፍሮ የማይለውን ልበል። «ሁላችንም ያደግነው በሱ ነው» ከሚሉት የዚያ ትውልድ ሰዎች ብዙዎቹ መጽሐፉን አላነበቡትም፤ ሰምተውታል። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በሚለው ዝግጅት ተርኮላቸዋል። መስማት አያሳፍርም፤ ያ ትረካ ከመጽሐፉ እኩል ሊነገርለት የሚገባ ሥራ ነው። ግን አስቡት። አድማጩ 500 ገጽ አልተሸከመም፤ በየሳምንቱ ቁራጭ ቁራጭ ደረሰው። የጎጃሙን ዘዬ ተራኪው ተሸከመለት። የጉዱ ካሣን ንግግር ትንፋሹን ጠብቆ፣ የሚያርፍበት አርፎ አሰማው። ሦስቱንም ሸክም አንድ ሰው በድምፁ አቀለለለት። ያንን እርዳታ አግኝቶ የወደደ ትውልድ ዛሬ ለወጣቱ ወፍራሙን ጥራዝ ብቻውን አስይዞ «ጨርስ» ይላል። ከጠቆማችሁት ትረካውን አስቀድማችሁ ጠቁሙ፤ የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች ይስማ፣ ድምፁ ጆሮው ውስጥ ከገባ በኋላ ጥራዙን ይክፈት።

ሒሳቡም ይታሰብ። መጽሐፉ ከ500 ገጽ በላይ ነው። ጀማሪ በቀን 10 ገጽ ካነበበ 50 ቀን ይፈጅበታል፤ ያመለጡት ቀናት ሲጨመሩ ሁለት ወር። በሁለት ወር ውስጥ የሚታመም፣ የሚፈተን፣ ሥራ የሚበዛበት ሰው አንድ ሳምንት መቋረጡ አይቀርም። ከተቋረጠ በኋላ ሲመለስ ማን ማን እንደነበረ ጠፍቶበታል፤ ወደ ኋላ መመለስ ያስጠላዋል፤ ይተወዋል። ጀማሪ የሚያስፈልገው በመጀመሪያው ሳምንት ዘግቶ የሚያስቀምጠው መጽሐፍ ነው። በቀን 10 ገጽ ለሚያነብ እስከ 70፣ 20 ለሚያነብ እስከ 140 ገጽ ማለት ነው። መጽሐፍ የመጨረስ ልማድ የሚገኘው መጽሐፍ በመጨረስ ነው፤ ሌላ መንገድ የለውም።

ለዚህ ነው ከጥቆማ በፊት ጥያቄ የሚቀድመው። «ምን ዓይነት መጽሐፍ ትወዳለህ?» አትበሉት፤ ጀማሪ ይህን አያውቅም፤ ያላነበበውን እንዴት ይወቅ? ይልቅ ጀምሮ የተወው መጽሐፍ የትኛው እንደሆነ፣ የት ላይ እንደተወው ጠይቁት። የሚያነብበትን ሰዓት ጠይቁት፤ ታክሲ ውስጥ 20 ደቂቃ ያለው ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያልቅ ክፍል ይፈልጋል፤ ሌሊት የሚያነብ ረጅሙን ይችላል። በምን እንደሚያነብም ጠይቁ። አሮጌ መጽሐፍ ስካን ተደርጎ የወጣ ፒዲኤፍ በትንሽ ስልክ ሲነበብ ገጹን በየመስመሩ ግራና ቀኝ መጎተት ያስፈልጋል፤ በዚህ መልክ የተሰጠ መጽሐፍ ምንም ቢጥም ከሦስተኛው ቀን አያልፍም። ጥፋቱ ግን ሁልጊዜ በደራሲው ወይም በአንባቢው ላይ ይላከካል። ከዚህ ሁሉ በኋላ «ምን ዓይነት ፊልም ይዞህ ያመሻል?» ብላችሁ ብትጠይቁ አትሳሳቱም።

ወንጀልና ሴራ ይወዳል እንበል። እዚህ ላይ ዝርዝር አውጪዎቻችን አፍንጫቸውን ይነፋሉ። የይልማ ሀብተየስ የወንጀል ምርመራ ልቦለዶች፣ የማሞ ውድነህ የስለላ ትርጉሞች፣ የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ሲነሡ «ቀላል ንባብ» ብለው ያልፋሉ። ቀላል የተባለው ምኑ ነው? ሰውን ሌሊት ቁጭ አድርጎ ማስነበብ ነው? በአማርኛ ይህን ማድረግ የቻለ ሰው የሚናቅ ሳይሆን የሚጠና ነው። «ዴርቶጋዳ»ን የጨረሰ ልጅ የምሥጢር ጥማት ይዟል፤ የጠቋሚ ሥራ ያን ጥማት ወደ ቀጣዩ መምራት ነው። ቀጣዩ የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ነው፤ ስለላው አለ፣ ፍቅሩ አለ፣ ጦርነቱ አለ። መውደቂያው መጀመሪያው ላይ ነው፤ ሹማምንቱና ስብሰባው ይበዛሉ፤ ዘመኑን የማያውቅ አንባቢ ይጠፋበታል። «1974 ነው፤ ደርግ በኤርትራ የቀይ ኮከብ ዘመቻን ከፍቷል፤ ተራኪው የዘመቻው ጋዜጠኛ ነው» ብላችሁ ስጡት፤ የተራኪው ፍቅረኛ ፊያሜታ ከመጣች በኋላ ራሱ ይሮጣል። መጽሐፉ በ1975 ታትሞ ወዲያው እንደታገደ፣ ደራሲው በየካቲት 1976 እንደወጣ እንደቀረ ግን ሲጨርስ ንገሩት። አስቀድሞ ከተነገረው ልቦለዱን እንደ ማስረጃ ሰነድ ያገላብጠዋል፤ ተራኪውን፣ ጸጋዬ ኃይለማርያም የሚባለውን ሰው፣ ሳያገኘው ያልፋል።

ከ«ኦሮማይ» በኋላ መንገዱ በራሱ ይቀጥላል። በዓሉን ከወደደው «ከአድማስ ባሻገር» አለ፤ አጭር ነው፣ በቢሮ ሥራና በሥዕል ፍቅር መካከል የተሰነጠቀ የአበራ ወርቁ ታሪክ ነው፤ ደመወዝ እያገኘ ነፍሱ ለሚጠማት ሰው ከዚህ የተሻለ ልቦለድ አላውቅም። ከዚያ «ደራሲው»። የ«ደራሲው» ሲራክ የተቀረጸው ከስብሐት ገብረ እግዚአብሔር እንደሆነ ሲነገረው አንባቢ ስብሐትን ራሱ መፈለጉ አይቀርም፤ በዚህ ጊዜ «አምስት ስድስት ሰባት»ን ስጡት። «ሌቱም አይነጋልኝ»ን አታስቀድሙ። የአዲስ አበባን የድሮ የምሽት ሕይወት ሰፈር፣ ውቤ በረሃን፣ ያለ ሽፋን የሚያሳይ መጽሐፍ ነው፤ ያልተዘጋጀ አንባቢ ብልግናውን ብቻ አይቶ ይወጣል፤ ለአካለ መጠን ላልደረሰ ልጅ ደግሞ ጭራሽ አይሰጥም። ስብሐትን የለመደ ጆሮ ለአዳም ረታ ዝግጁ ነው፤ ግን በአጫጭሮቹ፣ በ«አለንጋና ምስር» ወይም በ«እቴሜቴ ሎሚ ሽታ»። አዳምን በ«የስንብት ቀለማት» የጀመረ ሰው ታሪኩ ቀጥ ብሎ እንዲሄድለት ይጠብቃል፤ አዳም ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ከአንዱ ታሪክ ጎን ሌላ ይከፍታል፣ የግርጌ ማስታወሻውን ሳይቀር ታሪክ ያደርገዋል። በአጭሩ የለመደው ሰው በረጅሙ ይደሰታል፤ በረጅሙ የጀመረው ደራሲውን «አይገባም» ብሎ ለዘላለም ይዘጋዋል።

ከ«ዴርቶጋዳ» ተነሥተን አዳም ረታ ደረስን። «መጀመሪያ ይህን ጨርስ» የሚል ሰው በመንገዱ ላይ አላስፈለገንም። እንዲህ ዓይነት ድልድይ በሁሉም ዘውግ መካከል ይሠራል፤ ዝርዝር የሚጽፉ ሰዎች ይህን ለማየት ጊዜ አላጠፉም።

ተውኔትን ማንም አይጠቁምም፤ «ለመድረክ ነው እንጂ ለንባብ አይሆንም» ይባላል። ተሳስተዋል። ለጀማሪ ከተውኔት የተሻለ የለም፤ ንግግር ብቻ ነው፣ ገለጻ አያደክምም፣ በአንድ ከሰዓት ያልቃል። የመንግሥቱ ለማ «ጠልፎ በኪሴ» እና «ያላቻ ጋብቻ» ዛሬም ያስቃሉ፤ በሁለተኛው የተማረው የባላባት ልጅ የቤት ሠራተኛውን ላግባ ሲል ዘመድ የሚያነሣው አቧራ አላረጀም። ብቻውን በዝምታ የሚያነብ ሰው የሚሳሳተው የመድረክ መግለጫውን ሲዘል ነው፤ ሳቁ ግማሹ እዚያ ነው፤ ማን ገባ፣ ማን ተደበቀ፣ ማን ሰማ። ከሦስት አራት ሰው ጋር ገጸ ባሕርያቱን ተከፋፍሎ ማንበብ፣ አንዱ ሰው መግለጫውን ብቻ እንዲያነብ ማድረግ፣ ስሞቹን በብጣሽ ወረቀት ጽፎ መጽሐፉ ውስጥ ማስቀመጥ፤ በቃ። ከሳቁ በኋላ የጸጋዬ ገብረ መድኅን «ጴጥሮስ ያችን ሰዓት» ሲመጣ አንባቢው የተውኔትን ቋንቋ ለምዷል፤ ክብደቱን ይችለዋል።

ግጥምን በተመለከተ ትልቁ ስሕተት መድበሉን እንደ ልቦለድ ከሽፋን እስከ ሽፋን ማንበብ ነው። በአንድ ቀን 30 ግጥም ያነበበ ሰው አንዱንም አላነበበም። በቀን አንድ ወይም ሁለት፤ ሁለት ጊዜ፣ ድምፅ አውጥቶ፤ የመጀመሪያው ለምቱ፣ ሁለተኛው ለምሥጢሩ። የወል ቤት የሚባለው የግጥም ምት ስድስት ስድስት ቀለም (የድምፅ ክፍል) ላይ፣ ሰንጎ መገን የሚባለው አምስት አምስት ቀለም ላይ እንደሚያርፍ አንድ ጊዜ በጣቱ ቆጥሮ ያየ ሰው ከዚያ በኋላ ጆሮው ራሱ ይቆጥራል። ለጀማሪ የበዕውቀቱ ስዩም «ኗሪ አልባ ጎጆዎች» ይሰጠው፤ አጫጭር ናቸው፣ አሁን በምንናገረው አማርኛ የተጻፉ ናቸው። ከቤት መውጣት፣ ናፍቆት፣ ሀገር የሚያመው ሰው የገብረ ክርስቶስ ደስታን «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» ይያዝ። «እሳት ወይ አበባ» ይቆየው። የጸጋዬ ስንኝ ረጅም ትንፋሽ ይጠይቃል፤ መሃል ላይ የሚያርፍበትን ያላገኘ ሰው ቃላቱ ተደራርበውበት ይታፈናል። ልጆች ላሉበት ቤት ከከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» የሚቀድም የለም፤ ከመኝታ በፊት አንዱን ተረት ማንበብ ነው፤ ልጁ በሦስተኛው ሳምንት በቃሉ ይወጣዋል።

ታሪክ እወዳለሁ የሚል ሰው ሲመጣ ወፍራም የታሪክ መጽሐፍ አንሥቶ መስጠት የተለመደ ነው። የተሻለው አንድ ሰው መርጦ በሦስት ዘውግ ማንበብ ነው። ቴዎድሮስን ውሰዱ፤ መጀመሪያ የብርሃኑ ዘሪሁን ልቦለድ «የቴዎድሮስ ዕንባ»፣ ቀጥሎ የጳውሎስ ኞኞ «አጤ ቴዎድሮስ»፣ በመጨረሻ የጸጋዬ ተውኔት «ቴዎድሮስ»። ቅደም ተከተሉ ምክንያት አለው። ታሪኩን ያስቀደመ ሰው ልቦለዱን ሲያነብ «ይህ የት ተጻፈ?» እያለ እየዳኘ ያነባል፤ ልቦለዱን ያስቀደመ ግን ሰውየውን ካወቀ በኋላ ሰነዱን በጉጉት ይከፍታል። ሦስቱን የጨረሰ አንባቢ ደራሲ የት እንደፈጠረ፣ የታሪክ ጸሐፊ የት እንደገመተ፣ ባለቅኔ የት እንዳጋነነ ለይቶ ይናገራል። ይህን ችሎታ አሥር የታሪክ መጽሐፍ በተርታ አንብቦ አያገኘውም። ሰፊውን መልክ ለሚፈልግ የባሕሩ ዘውዴ «የኢትዮጵያ ታሪክ ከ1847 እስከ 1983» አለ፤ አንድ ነገር ብቻ ይነገረው፦ የውጭ ምንጭ ጎን ለጎን የሚያነብ ከሆነ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መገባደጃ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ልዩነት በኛና በአውሮፓ አቆጣጠር መካከል መኖሩን አይርሳ። በየውይይቱ የምንሰማው የዓመተ ምሕረት ዝብርቅ ግማሹ ከዚህ የመጣ ነው።

ግለ ታሪክ ከዝርዝሩ መቅረቱ ከሁሉ በላይ ያንገበግበኛል። የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ኦቶባዮግራፊ» ከየትኛውም ልቦለድ አያንስም፤ ልጅ ሆነው ዐድዋን አይተው፣ ሩሲያ ተሻግረው ስለ መድፍ ተምረው፣ ተመልሰው የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ሰው ናቸው። መንግሥቱ ለማ ከአባታቸው ቃል የጻፉት «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ» ደግሞ የሊቅ ጨዋታ ነው፤ ሰዋስው እየፈለገ የሚያነብ ሰው ይደናቀፍበታል፣ እንደ ጨዋታ የሰማው ግን አይጠግበውም። ሐዲስ ዓለማየሁ ራሳቸው «ትዝታ» ላይ ስለ ጣልያን ወረራና ስለ እስራታቸው ጽፈዋል፤ ልቦለዱን ብቻ የሚያመልኩት ሰዎች ይህን ሲጠቁሙ አልሰማሁም። የኋለኛውን፣ የአብዮቱን ትውልድ እሳት ለማየት የሕይወት ተፈራ «ማማ በሰማይ» አለ። ሴት ጸሐፊ አጣን ለሚሉን ሰዎች ከእሷው «ምንትዋብ»፣ ከፀሐይ መላኩ «ቋሳ»፣ ወደ ኋላ ደግሞ ከስንዱ ገብሩ «የልቤ መጽሐፍ» አሉላቸው። አላጡም፤ አልፈለጉም።

ስለ ስኬትና ስለ ገንዘብ ካልሆነ አላነብም የሚለውንም ሰው ማባረር የለብንም። የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ለእሱ ነው። ከሞቱ በኋላ በ1916 የታተመ፣ ቀጭን፣ ስለ ሀብት፣ ስለ ዕውቀት፣ ጥሬ ዕቃ ሸጦ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ ሀገር ለምን እንደሚደኸይ በጥርት ያለ አማርኛ የሚከራከር መጽሐፍ ነው። ምዕራፉን ቶሎ ቶሎ ካነበበው ያመልጠዋል፤ በቀን አንድ ክፍል፣ እርሳስ ይዞ። ከአንድ መቶ ዓመት በኋላም የሚሰመርበት ነገር አያጣም።

የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ጦቢያ» በዝርዝሩ አንደኛ የተቀመጠው የመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ ስለሆነ ብቻ ነው። በ1900 ሮም መታተሙ ለታሪክ ይጠቅማል፤ ለጀማሪ ግን ቀዳሚ መሆን ምክንያት አይሆንም። አጭር ስለሆነ የሚቀል ይመስላል፤ አይቀልም። በአሮጌው ኅትመት ከወሰደው በየቃሉ መካከል ሁለት ነጥብ አለ፤ ባዶ ቦታ የለመደ ዐይን በመጀመሪያዎቹ አሥር ገጾች ይደክማል። ዐይኑ እስኪለምድ በጣት እየተከተሉ ማንበብ ያግዛል። ወንድ መስላ የምትጓዘው የጦቢያ ታሪክ ራሱ ከዚያ ወዲያ ይጎትታል።

«አደፍርስ» ሰውን የሚጥለው በሴራው አይደለም፤ ሴራውን ለመፈለግ በመሞከር ነው። ትምህርት ቤት ያፈራው ወጣት አርማንያ ወርዶ ከአገሬው ጋር የሚገጥመው ክርክር እንጂ የሚያሳድድ ታሪክ የለውም። ቃሉ ከብዶት የሚያቆም ሰው የደስታ ተክለ ወልድን መዝገበ ቃላት አጠገቡ ያስቀምጥ፤ ግን በየቃሉ አይክፈተው። መጀመሪያ ምዕራፉን ባልገባውም ቃል ላይ እየዘለለ ይጨርስ፣ የተደጋገሙትን አምስት ስድስት ቃላት ብቻ ይፈልግ፣ ከዚያ ምዕራፉን ይድገም። በየመስመሩ መዝገበ ቃላት የሚገልጥ ሰው ዜማውን ያጣዋል፤ «አደፍርስ» ደግሞ ዜማው ከጠፋ ምንም አይተርፈውም።

ትርጉምን የሚንቁ ሰዎች አንድ ነገር ይወቁ። ነቢይ መኮንን የማርጋሬት ሚቸልን «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ የተረጎመው እስር ቤት ሆኖ፣ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ እየጻፈ ነው። ረጅም መጽሐፍ ለመጀመር ለተዘጋጀ አንባቢ ከዚህ የተሻለ መለማመጃ አላውቅም፤ ታሪኩ ይስባል፣ አማርኛው ይፈሳል።

የተጠቆመው መጽሐፍ ካልተጨረሰ ደግሞ «ለምን?» ሳይሆን «ስንተኛው ገጽ ላይ?» ብላችሁ ጠይቁ። እስከ 30ኛው ገጽ ያቆመ ሰው ያሸነፈው ቋንቋው ወይም ኅትመቱ ነው፤ ተመሳሳይ ታሪክ በቀለለ አማርኛ ስጡት። መሃል ላይ ያቆመ ሰው ጊዜ አልፎበት ስሞቹ ጠፍተውበታል፤ ስሞቹን ጻፉለትና ካቆመበት ሁለት ምዕራፍ ወደ ኋላ መልሱት። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ያቆመ ሰው መጽሐፉን አልጠላውም፤ መጨረሻውን ፈርቶ ነው፤ ተዉት፣ ራሱ ይመለሳል።

ያ ቪዲዮው ላይ ያየነው ልጅ ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዱም አልቀረበለትም። ስለዚህ ሦስት አማራጭ ይያዝ፤ ከጓደኞቹ ጋር «ጠልፎ በኪሴ»፣ ለታክሲው «ኗሪ አልባ ጎጆዎች»፣ ለሌሊቱ «ኦሮማይ»። ያልያዘውን በ50ኛው ገጽ ይተወው፤ ማንንም ፈቃድ አይጠይቅ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ለከርሞ ክረምት ያቆየው፤ ትረካውን እየሰማ፣ ስለቱን ልብ እያለ፣ ከማንኩሳ ይጀምር።